በልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት የተቀዳው አልበም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኦስሎ፣ ግሩነርሎካ ሰፈር የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለሁሉም ነገር ቀድሜ ነው የምደርሰው፤ ቀድሜ ደርሼ ግን አልቀመጥም። የመጠበቂያ ክፍሉን በር ከፍቼ ወንበሮቹን አየሁና መልሼ ዘግቼ ወጣሁ፤ በጀርባ መንገዶቹ መዞር ጀመርኩ። አንዱ ሕንጻ ጥግ ስደርስ ከእግሬ ሥር ካለች ፍርግርግ መስኮት የሞቀ እንፋሎት ወጥቶ ፊቴን መታኝ። የልብስ ሳሙና፣ የራሰ ሲሚንቶና የፈላ አንሶላ ሽታ። ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ከኋላዬ ብስክሌት ትገፋ የነበረች ወጣት «ኡንሺል»፣ ይቅርታ፣ ብላ ዞራኝ አለፈች። ሽታው የድሮው ነው፤ ሕንጻው ግን እኛ የኖርንበት አይደለም፤ የኛው ሁለት መንገድ ዝቅ ይላል። ዛሬ እዚያ ከሥር አንድ ስኒ ቡና፣ ያኔ የሳምንት ድንችና ሽንኩርት በሚገዛ ዋጋ የሚሸጥበት ቤት ተከፍቷል። ከላይ ያሉት ክፍሎች እንደኔ ያለ ሰው ኪራያቸውን የሚጠይቃቸው አይደሉም።

ያኔ ግሩነርሎካ የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ግድግዳው የተላላጠ፣ ደረጃው ጎመንና ትምባሆ የሚሸት፣ ኪራዩ ለኛ ዓይነቱ የሚቀመስ። ትሪኩ፣ የከተማው ባቡር፣ መታጠፊያው ላይ እየጮኸ ሲያልፍ የጓዳው ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እኛ ወንዶቹ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛነውን ትከሻው የሰፋ ካፖርት እጅጌውን አጥፈን እንለብሳለን፤ ሴቶቻችን እሁድ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን የሚያምር ቀሚስ በወፍራም ቦት ጫማ ይለብሳሉ። ካሴት ከአገር ቤት በሰው ይመጣል። አንዱ ቤት ይገለበጣል፣ ቅጂው ሌላ ቤት ይገለበጣል፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ ከፏፏቴ ጀርባ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ፣ መግባት ይቻላል፣ አይቻልም፣ እገሌ ገብቶ ቤት ሠራ፣ እገሌ ገብቶ ተጸጽቶ ተመለሰ የሚባልበት ጊዜ ነው። ሁላችንም አልጋ ሥር ሻንጣ ነበረን። እኔ ሸሚዜን እከትበታለሁ፣ ለሥራ ስፈልገው መልሼ አወጣዋለሁ። አስቴር ባለቤቴ የተጨማደደውን ሸሚዝ አይታ ካውያዋን ታግላለች።

አዲስ አበባ እያለሁ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ድምፅ ቀራጭ ነበርኩ። ዘፋኙ መስታወቱ ማዶ ቆሞ ዓይኑን ሲጨፍን፣ እጄ መቆጣጠሪያው ላይ ሆኖ ትንፋሹን የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። ኦስሎ ስገባ ያገኘሁት ሥራ አልናብሩ፣ የባቡር ጭነት ማራገፊያው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሣጥን ከፉርጎ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈትቶ ነበር። እሁድ የጉባኤያችንን መዘምራን እቀዳለሁ፤ ያም ለአምስት ቀን ጩኸት አይበቃኝም። አስቴር ሲከየም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ልጃችን ሊዲያ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ገብታለች። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ግሮሩድ ጫካው ጥግ ሰፋ ያለ ቤት ሊሰጠን ተራችን እየደረሰ ነበር። በዚህ መሀል አብሮ አደጌ በቀለ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ስማ፣ ስቱዲዮ ልከፍት ነው። ቤቱን አግኝቻለሁ። የቀረኝ ጆሮ ነው፤ ጆሮው ደግሞ አንተ ጋ ነው። በሚቀጥለው መስከረም እንጀምራለን። ትመጣለህ ወይስ ሌላ ሰው ልያዝ?»

«እመጣለሁ» አልኩት ሳላስብ።

አስቴር ልብስ እያጠፈች ነበር። «አንተ ሂድ፤ እኔ አልከለክልህም» አለች። «እኔና ልጄ ግን ግሮሩድ ነው የምንገባው። በዚች ሕይወቴ ከአንድ አገር ተነቅያለሁ፣ ይበቃኛል።» ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገርንም። የተለኮሰ እሳት ተከድኖ እንደተቀመጠበት ቤት ሆነ ቤታችን።

ፊንታንን ያወቅኩት በዚያ የበረዶ ክረምት ነው። ከአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ የመጣ፣ ረጅም፣ ቀይ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው፤ ማራገፊያው ላይ ትሩክ፣ ያቺን ሣጥን የምታነሳውን ሹካ ያላትን መኪና፣ ይነዳል። ኖርዌጂያን ሚስት አግብቶ ተፋቶ እኛ ሕንጻ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ምሳ ሰዓት ሁሉም መትፓከውን፣ የምሳ ጥቅሉን፣ ፈትቶ ሲቀመጥ እኔና እሱ ቆመን እንበላ ነበር። አንድ ቀን አየኝና «አንተም መቀመጥ አትችልም?» አለኝ። «አልችልም» አልኩት። «እኔ የምቀመጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ና ላሳይህ» አለ። ኖርዌጅኛችን ከመጋዘን የተለቀመ ነው፤ እሱ በራሱ ዜማ ይናገረዋል፣ እኔ በራሴ። እንግባባ ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከእንጨት ሣጥን ውስጥ አንድ የተጠላለፈ ነገር አወጣ፤ ከረጢት፣ ቀበቶ፣ ቧንቧ፣ የነሐስ ቁልፍ። የአገሩ ባለ ከረጢት ዋሽንት ነው። በአፍ አይነፋም። በአንድ ክርኑ ሥር የአንጥረኛ ወናፍ የመሰለች ትንሽ ወናፍ አስሮ አየር ይሞላል፣ በሌላው ክርኑ ከረጢቱን ይጫናል፣ ዋሽንቱን ጉልበቱ ላይ አቁሞ በጣቶቹ ይጫወታል። ጭኑ ላይ የተጋደሙ ሦስት ቧንቧዎች አንዱን ድምፅ ይዘው ሳያቋርጡ ያጉረመርማሉ። ቆሞ መጫወት የማይሆን ነገር ነው። መጀመሪያ ሲያስጮኸው፣ እውነቱን ልናገር፣ የታሰረ ጥጃ ነው የመሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ያ ማጉረምረም መሬት ሆነ፤ ዋሽንቱ ደግሞ በላዩ የሚሮጥ፣ የሚዘል፣ ቆም ብሎ ወደኋላ የሚያይ ሰው። ፊንታን ደረቱ እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ያ የሚቅበጠበጥ ሰው ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ጆሮዬ ከእንቅልፉ ነቃ። ማይክ የት ባስቀምጥ እንደሚሻል ማሰብ መጀመሬን ያወቅኩት ክፍሉ ውስጥ ስዞር ነው።

«ምንድነው የምትፈልገው?» አለኝ።

«ይሄን የሚቀዳው ማን ነው?»

እንደዚህ ነው ነገሩን የነገረኝ። አገሩ ያለ አንድ ትንሽ ሙዚቃ አሳታሚ ፋሲካ ሳያልፍ ቴፕ ከላከ፣ ብቻውን የሚጫወትበት አልበም ሊያወጣለት ተስማምቷል። ባንድ የለ፣ ጊታር የለ፤ እሱና ከረጢቱ ብቻ። ዜማዎቹን ያስተማሩት የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው ታመዋል፤ እሳቸው የሚያውቋቸውን አንዳንዶቹን ዜማዎች ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። «በጆሯቸው ሰምተው "ልክ ነው" ወይም "ልክ አይደለም" ቢሉኝ ይበቃኛል» አለ። ከገና በፊት ከተማ ውስጥ አንድ ጥሩ ስቱዲዮ ገብቶ ነበር፤ ሰውየውም ደግ ሰው ነበር። ግን የኦስሎ ክረምት ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ ማሞቂያው አየሩን ምጥጥ ያደርገዋል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የበር እጀታ ሲነኩት ይነዝራል። የዚህ ዋሽንት ነፍስ ደግሞ ከሸምበቆ የተላገች ምላስ ናት፤ ሁለት ስስ ልጣጭ በክር የታሰሩ። አየሩ ሲደርቅ ምላሷ ትኮማተራለች፤ ድምፁ መጀመሪያ ይሾላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ስቱዲዮው ውስጥ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ የእርጥብ ፎጣ ጥቅል ውስጥ እያስቀመጠ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ እያፈላ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ አልዘልቅ ብሎታል።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለአስቴር አወራኋት። ከተኳረፍን ወዲህ ረጅም ወሬ ያወራሁላት ያን ቀን ነው መሰለኝ። ፀጉሯን በትኩስ ማበጠሪያ እያስተኛች፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ሰማችኝ።

«ቫስከሼለሩስ?» አለች።

«የቱ?»

«ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው። ይሄን ፀጉር ስንት ጊዜ አስተኝቼ ወርጃለሁ መሰለህ። አንድ ማሽን ልብስ አጥቤ ስወጣ እንደ በግ ፀጉር ተጠቅልሎብኝ ነው። ከዚያ የበለጠ እርጥበት ከፈለገ ባሕር ይግባ።»

ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳት። ማበጠሪያው ጆሮዬን አቃጠለኝ።

በማግስቱ የጉባኤያችንን መቅጃ ቴፕና ሁለቱን ማይክ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተዋስኩ። ከሥራ እንደወጣን ወርደን ሞከርነው። የልብስ ማጠቢያው ጣራ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ሁለት ትልልቅ ማሽንና የልብስ ማስጫ ገመዶች ያሉት ክፍል ነው። ፊንታን ከተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠና ወናፉን ሞላ። ምላሷ ተከፈተች። ድምፁ ክብ ሆኖ፣ ሞልቶ ወጣ። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ በሩ ተበረገደ።

የቆሙት ፍሩ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሃውገን ናቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የሕንጻውን ሥርዓት በጉልበታቸው ያቆሙ መበለት። ኖርዌጅኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን እሳቸውን በልቤ «እርስዎ» ሳልል አናግሬያቸው አላውቅም።

«እዚህ ከብት ይታረዳል?» አሉ።

«ሙዚቃ ነው፣ ፍሩ ሃውገን» አልኩ።

«ሙዚቃ ወደ ቤት። ይህ ማጠቢያ ነው። ተራው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

የሳቸው ነበር። ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡ፤ ፊንታን መሣሪያውን መፈታታት ጀመረ፤ እኔ ገመድ መጠቅለል። ይሄኔ አስቴር ሊዲያን ታቅፋ ደረጃው ላይ ደረሰች። ሁኔታውን አየችና ቀጥታ ወደሳቸው ሄደች። ሽማግሌዎችን ማናገር ሥራዋ ነው።

«ፍሩ ሃውገን፣ ያን የራሰ ብርድ ልብስ ሦስት ፎቅ ብቻዎን ነው የሚያወጡት?»

«ማን ያወጣልኛል?»

«እነዚህ ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሣጥን ነው የሚሸከሙት። እርስዎ ቅዳሜ ይጠቡ፤ ሲጨርሱ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል፣ እነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው። እነሱ ይቀዳሉ፤ ከዚያ ቅርጫትዎን እቤትዎ ያደርሳሉ።»

ፍሩ ሃውገን ፊንታንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንሶላዬን ለማንም ትቼ አልወጣም» አሉ።

«ይቀመጡ፤ ብቻ እንዳይናገሩ» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ወሬኛው?» አሉ።

እንደዚህ ተጀመረ። ያን ክረምት ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉ እዚያ ነበርን። ፍሩ ሃውገን ያጥባሉ፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ነጫጭ አንሶላዎቻቸውን ገመዱ ላይ ያሰጣሉ። አንሶላዎቹ የግድግዳውን ገደል ማሚቶ ይውጡልኛል፤ አንዱን ትንሽ ወደ ቀኝ እንዲስቡልኝ ስጠይቃቸው አጉረምርመው ይስቡልኝ ነበር። ማይኩ ጠል ሲይዘው እንደ ጥብስ ይንጫጫል፤ የሊዲያን ካልሲ አልብሼ በየመሀሉ በፀጉር ማድረቂያ አደርቀዋለሁ። ፊንታን ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ ፈጣኖቹን የጭፈራ ዜማዎች ይጫወታል፤ ይሳሳታል፣ በራሱ ቋንቋ ይራገማል፣ ይደግማል። እኔ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ቆሜያለሁ፤ እግሬ አያርፍም፣ ግን ድምፅ እንዳያሰማ ጫማዬን አውልቄ ነው። ዕረፍት ስናደርግ ፍሩ ሃውገን ከኪሳቸው ብስኩት ያወጡና ለሁላችንም እኩል ያድላሉ። በሳምንቱ መሀል አልናብሩ ላይ ከፊንታን ጋር ስንገናኝ የምናወራው ስለ ቅዳሜ ነው። ሻንጣዬ ግን አልጋ ሥር እንዳለ ነው። የመስከረሙን ትኬትም ቆርጬ ነበር፤ አስቴርም ታውቃለች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ዜማ ቀረን። የሽማግሌው ነው፤ ዝግ ያለ፣ ሰው የሚሸኙበት ዓይነት። ፊንታን ሆን ብሎ ለመጨረሻ አቆይቶት ነበር። ያን ቅዳሜ ወርጄ ማይኩን ሳስተካክል ባዶ እጁን መጣ።

«ሽማግሌው ትናንት አረፉ» አለኝ። «እህቴ ደወለች።»

እጁን ያዝኩት። ቆሞ፣ አንሶላዎቹ መሀል ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። «ለማን ነው አሁን? ማነው "ልክ ነው" የሚለኝ? ያለውን ለአሳታሚው ልከህ ጨርስ። ወይ ጣለው። እኔ ነገ እሄዳለሁ።» «ቀብራቸው ድረስ» አልኩት፤ እኔ ራሴ አባቴን ሳልቀብር የቀረሁ ሰው ነኝ።

ፍሩ ሃውገን የትራስ ልብስ እያጠፉ ሰሙን። ቀስ ብለው ቅርጫታቸው ላይ አስቀመጡትና «ባሌ ሲሞት» አሉ፣ «ከቀብር መልስ ልብሱን አጠብኩ። እዚሁ። ለማን እንደማጥብ አላውቅም ነበር። ግን ታጥቦ መቀመጥ ነበረበት።» ከዚያ ወደ ደረጃው በእጃቸው ጠቆሙት። «ሂድና አምጣው። ክፍሉ እየደረቀብህ ነው።»

ፊንታን ቆሞ አያቸው። ወጣ። እውነቱን ለመናገር ይመለሳል ብዬ አልጠበቅኩም። ሣጥኑን ይዞ ተመለሰ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫወተው። እንዴት እንደነበር ልገልጸው ብሞክር አበላሸዋለሁ። እኔ የማስታውሰው የራሴን እግር ነው፤ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ያልቆመው እግሬ ዜማው እስኪያልቅ ሲሚንቶው ላይ ተተክሎ ቀረ። ቧንቧዎቹ ዝም አሉ። ቴፑን ለማቆም እጄ ዘገየ። ከዚያ ፍሩ ሃውገን አፍንጫቸውን ጠረጉና «ልክ ነበር» አሉ። ዜማውን ከዚያ በፊት በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም።

ፊንታን በማግስቱ ሄደ፤ ቀብር ደርሶ እዚያው ቀረ። የሽማግሌውን ቤት ይዞ ልጆች ያስተምራል። ዛሬም በዓል ሲሆን እንደዋወላለን፤ ስናወራ ወለሉ ላይ ሲመላለስ ይሰማኛል፤ እኔም ከመስኮት መስኮት እየተመላለስኩ ነው የማወራው። ፍሩ ሃውገን ብዙ ዓመት ኖሩ፤ በመጨረሻ የገቡት አስቴር የምትሠራበት ሲከየም ነው፣ እዚያም የአንሶላውን አስተጣጠፍ ያርሙ ነበር አሉ።

እኛ በበጋው ግሮሩድ ገባን። አልበሙ በፖስታ የደረሰን ከዚያ በኋላ፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። ሽፋኑ ላይ ፊንታን ተቀምጦ ፎቶ ተነስቷል፤ ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ፣ የቀዳው እገሌ ተብሎ ስሜ አለ። አጻጻፉ ተሳስቷል፣ ሁለት ፊደል ተገለባብጧል። አስቴር በጣቷ እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበችው። ሊዲያ «ፓፓ ነው?» አለች። ትልቅ ነገር አይደለም፤ እንደተሸጠም አላውቅም። እኔ ግን ያን ቀን ሦስት ጊዜ ከቤት ወጥቼ ተመለስኩ። ሻንጣዬ በር ጥግ ቆሟል፤ በቀለ በየሳምንቱ ይደውላል፤ የጉዞዬ ቀን እየደረሰ ነው፤ አስቴር ሸሚዞቼን ተኩሳ ሻንጣው ላይ መደርደር ጀምራለች፤ አንዱንም ሳትሳሳት። አንዱን ሸሚዝ ሳወጣው መልሳ አስቀመጠችው። «ከሄድክ በደንብ ሂድ» አለች፤ ዓይኗን ግን አላሳየችኝም።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ገብተን ራት እየቀረበ ሳለ ስልክ ጮኸ። በቀለ መስሎኝ አልተነሳሁም። አስቴር እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው። «ያ» አለች፣ አዎ ለማለት። «ያ... ያ፣ እሱ ነው፣ እዚህ አለ።» ስልኩን ዘረጋችልኝ፤ ፊቷ ላይ የማላውቀው ነገር ነበር። «ኖርዌጂያን ናት። በስምህ ነው የጠየቀችህ።»

የአሮጊት ድምፅ ነው። የገጠር ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ አሉኝ፤ ከአባታቸው የተማሩት፣ ያልተቀዳ ብዙ ዜማ አላቸው። አንድ ወዳጃቸው ያን የአየርላንዳዊውን አልበም አሰምቷቸው፣ ስልኬን ከአሳታሚው ጠይቀዋል። «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል» አሉ። «ስቱዲዮ ሄጄ ነበር፤ እዚያ እንግዳ ነኝ። ያን ሰው እንደዚያ አድርጎ የሰማው ሰው ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። መቼ ልትመጣ ትችላለህ?»

«ከመስከረሙ ጉዞዬ በፊት» ወይም «ከጉዞዬ በኋላ» ብዬ ልመልስ እችል ነበር። አስቴር ሰሃኑን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች።

«አሁን ቤት ነዎት?» አልኩ።

አዲስ አበባ በኋላ ሄጄ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ቆይቼ፣ የአባቴን መቃብር አይቼ፣ የበቀለን ስቱዲዮ መርቄ፣ ሌላ ጆሮ እንዲፈልግ ነግሬው ተመለስኩ። እሱም ተቀየመኝ፣ ኋላም ታረቅን። የዚያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላወቅኩም። ካፖርቴን ለበስኩ፣ ቴፑን በትከሻዬ አነገትኩ፣ ማይኮቹን ኪሴ ከተትኩ፤ ጫማዬን ደረጃው ላይ ነው ያሰርኩት። በሩ ሲዘጋ ከኋላዬ የሊዲያ ድምፅ ተሰማኝ።

«ማማ፣ ፓፓ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ?»

«ኔይ፣ አልሄደም» አለች አስቴር። «ሥራ ሄዶ ነው።»